ሽማግሌዎቹ ያላዩት ቪዲዮ

ሥራ የጀመርኩት ሮቤ ውስጥ፣ ከሚኒባስ መናኸሪያው ብዙም በማትርቅ አንዲት ጠባብ የቪዲዮ ሱቅ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር የገባሁት። ባለሱቁ ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

"ኮምፒውተር ትችያለሽ?"

"ትንሽ ተምሬያለሁ።"

"እሱስ?"

"እሱ ገና ነው።"

ሳቀና ወንበር ሳበልኝ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። አልሐምዱሊላህ።

በዚያው ቀን ጋሽ ታደሰ ሥራውን እንዲህ ሲል አስረዳኝ። "ሰው ፊልሙ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ያውቃል። ቴሌቪዥኑ ቤቱ እንዳለም ያውቃል። የማያውቀው በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው። እኛ የምንሠራው ያንን መንገድ ነው።"

ያኔ መንገዱ ዲቪዲ ነበር። ፊልሙን ዲስክ ላይ እንጽፋለን፤ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ በማጫወቻው ይከፍተዋል። ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ የሚገናኙት በባለሦስት ቀለም ገመድ ነው፤ ቢጫው ለምስል፣ ቀዩና ነጩ ለድምፅ። አንድ የጎባ ሰው ምስል አልመጣልኝም ብሎ ዲስኩን መለሰ። ገመዱን እንዴት እንደሰካ ጠየቅኩት። ቢጫውን ቀዩ ቀዳዳ ላይ ሰክቶታል።

"ለምን?" አልኩት።

"ምስሉ ደመቅ እንዲል ነዋ።"

ከዲስኩ በኋላ ፍላሽ መጣ። ሰዉ ቀለል አለው፤ እኛ ግን ሥራ በዛብን። አዴ ፋጡማ የምትባል ደንበኛችን ፍላሹ አልሠራም ስትል ቴሌቪዥኑን ራሱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በጋሪ አመጣችው። ጋሪው በር ላይ ሲቆም በሽተኛ የመጣ መስሎን ወጣን። ተሸክመን አስገባነው፤ ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ዲሹን ነበር የሚጠብቀው። ሪሞቱን አንስቼ ምንጩን ወደ ፍላሹ የሚቀይረውን ቁልፍ ተጫንኩ። ፊልሙ ተከፈተ።

"ይኸው ነው?" አለች።

"ይኸው ነው።"

"በይ ትንሽ ነካ ነካ አድርጊው እንጂ። ጋሪ ተሳፍሮ የመጣ ዕቃ በአንድ ጣት አይመለስም።"

ጨርቅ አምጥቼ መስተዋቱን በደንብ ወለወልኩላት። ደስ ብሏት ሄደች።

ለአዲስ ሠራተኞች የፋይልን ዓይነት የማስረዳው በምሳ ዕቃ ነው። ከውጭ የሚታየው የፋይሉ ስም ምሳ ዕቃው ነው። ቴሌቪዥኑ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ውስጥ ያለው ምግብ ላይስማማው ይችላል። ያን ጊዜ "ይህን ፋይል አልችልም" ብሎ ይጽፋል። ምስሉን በልቶ ድምፁን የሚተውም አለ። መድኃኒቱ ምግቡን እንደ ገና መሥራት ነው፤ እኛ ኮንቨርት ማድረግ እንለዋለን። ቀስ ያለ ሥራ ስለሆነ ኮምፒውተሩን አስጀምሬው ሶላቴን እሰግዳለሁ። ዱዓዬን ጨርሼ ስመለስም ብዙ ጊዜ ገና ነው።

ትልቅ ፋይል ሌላ ጣጣ አለው። ፍላሹ በድሮው አሠራር የተሰናዳ ከሆነ፣ ባዶ ቢሆን እንኳ ከልክ ያለፈ አንድ ፋይል አይቀበልም።

"ባዶ ነው እኮ!" ይላል ደንበኛው።

"ቤቱ ባዶ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው።"

ይህን ስል ሁሉም ይገባዋል። ሶፋ በበሩ አልገባ ብሎት ያልፈታ ሰው የለም። ፋይሉንም ለሁለት እንከፍለዋለን።

ስልክን ያለ ገመድ ከቴሌቪዥን ማገናኘት ሲመጣ ያው ሰዉ ወደደው። አንድ አስተማሪ አሠራሩን አሳይቼው ቤቱ ሄዶ ለአማቱ የልጁን የልደት ቪዲዮ ከፈተላቸው። ኬኩ እየተቆረጠ ሳለ ከእህቱ መልእክት ገባ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ መዳፍ በሚያክል ፊደል ተጻፈ። "ያቺ ሴትዮ ዛሬም አልሄደችም?" ይላል። አማቱ ማንበብ ይችላሉ። በማግስቱ መጥቶ ገመድ ገዛ።

የዲንሾው ጉዳይ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ሐሊማ የምትባል ልጅ ወደ ሱቁ ገባች። በቅርቡ ዲንሾ ላይ የተዳረች ሙሽራ ናት። ሰርጓን የቀረጸው የሱቃችን ካሜራማን ከድር ነው፤ ቆርጦ ቀጥሎ ዘፈን የጨመረበትም እሱ ነው።

"እትዬ ራሕማ፣ የሰርጌ ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ መታየት አለበት። ካልታየ ባሌ ቤት አልመለስም።"

"ማን ከለከለሽ?"

"አያቴ።"

አያቷ ሐጂ አማን የተከበሩ ሰው ናቸው። በእኛ አገር የሙሽራው ሽማግሌዎች ሲገቡ፣ ከመቀመጣቸው በፊት የቤቱን ታላቅ እጅ ስመው ሰላም ይላሉ። ሐጂ ግን፣ የሙሽራው አጎት ኦቦ ሙክታር ሰላም ሳይሉኝ አልፈው ተቀመጡ ይላሉ። ሰርጉን ላለማበላሸት ያን ቀን ዝም አሉ። ልጅቷ ለመልስ ስትመጣ ግን አስቀሯት። "ሰላም ለነፈገኝ ቤት ልጅ አልሰጥም፤ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀኝ" አሉ።

ኦቦ ሙክታር ደግሞ "ሰላም ብያቸዋለሁ፤ ይቅርታ ብጠይቅ በራሴ ላይ መዋሸት ነው" አሉ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። አብረዋቸው የገቡት ሰዎች ሲመሰክሩ "ለራሳችሁ ሰው ነዋ" ተባሉ። የሙሽራዋ ወገን በዚያች ሰዓት በር ላይ ሲዘፍን ስለነበር ያየ የለም።

"ባልሽስ ምን ይላል?" አልኳት።

"ቀኑን ሙሉ በሞተር በደጃችን ያልፋል። አያቴ 'ይህ ልጅ ሥራ የለውም?' ሲሉት 'ሐጂ፣ ዲንሾ ሌላ መንገድ የላትም' ይላል።" ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ ዕንባ ሞላ።

ነገሩን የያዙት ሽማግሌዎች ቪዲዮው ይታይ ብለዋል። ሐሊማ በስልኳ ልታሳያቸው ብትሞክር እምቢ አሉ። አንዱ ያየውን ሌላው ካላየ ፍርድ አይባልም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በትልቁ ይዩ አሉ። ሐጂ ቤት ደግሞ ጥሩ ቴሌቪዥን አለ። ሱቃችን የሚሸከሙት ኮምፒውተር ስለሌለው ያለን መንገድ ፍላሽ ብቻ ነው። ጋሽ ታደሰ ራስሽ ሂጂ አለኝ።

ከድር የሠራውን የሰርግ ፊልም በፍላሽ ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደርድረዋል። ቴሌቪዥኑ ጥልፍ ጨርቅ ለብሷል። ሐጂ ጨርቁን ራሳቸው ገለጡት። ፊልሙ ወዲያው ተከፈተ፤ አላህን አመሰገንኩ።

ፍርዱ ግን ቶሎ አልተጀመረም።

"ያ ጥግ ላይ የሚጎርሰው ማነው?" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"አንተ ነህ።"

"እኔ? እኔ እንዲህ አልጎርስም!"

"እንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ መልሺለት። ራሱን ይወቅ።"

መለስኩላቸው። እንደ ገና ጎረሰ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሐጂ ብቻ አልሳቁም።

በመጨረሻ ኦቦ ሙክታር በድንኳኑ በር ሲገቡ ታዩ። ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። ወደ ሐጂ መቀመጫ አቀኑ፤ ጎንበስ ማለት ጀመሩ። ይህን ጊዜ ከምስሉ መሃል አንድ ትልቅ ቀይ ልብ ወጣ። ልቡ እየሰፋ ቴሌቪዥኑን ሞላው፤ ሐሊማ በውስጡ ሆና ቀስ ብላ ትሽከረከራለች፤ ከላይ የጽጌረዳ ቅጠል ይዘንባል። ልቡ ሲጠፋ ኦቦ ሙክታር ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ልብ ነው" አልኩ።

"ሰላምታው የት ሄደ?"

"ልቡ ሥር ነው።"

ሐጂ ጉልበታቸውን መቱ። "አላልኳችሁም? ካሜራው እንኳ አላየውም!"

በር ሥር ተቀምጠው ሲያዩ የነበሩት ኦቦ ሙክታር አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንመለሳለን፤ ያን ቀን ሰላምታው ካልታየ ሙክታር ይቅርታ ይጠይቅ፤ እምቢ ካለ የጋብቻው ነገር ይታይ አሉ። ሐሊማ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ትዳሯን የሰበርኩት እኔ የሆንኩ ያህል ዓይኗን ሳላይ ወጣሁ።

ሮቤ እንደደረስኩ ከድርን ያዝኩት።

"ያ ልብ ምንድን ነው?"

"ልብ ከሌለው ደንበኛ ሰርግ አይመስለውም፣ ራሕማ።"

"ሥሩ ምን ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"አንተ አይደለህ የቀረጽከው?"

"ካሜራማን ሰርግ አያይም። ካሜራማን የሚያየው ባትሪውን ነው።"

ደግነቱ ያልተቆረጠው ቪዲዮ፣ እኛ ጥሬው የምንለው፣ ገና አልተደመሰሰም። ፋይሉ ግን ከካሜራው እንደወጣ ነው፤ ቴሌቪዥን አይበላውም። ለአንድ ፍላሽም ትልቅ ነው። የድንኳኑን ክፍል ለይቼ ኮንቨርት ማድረግ ጀመርኩ። መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ድምፁን ቴሌቪዥኑ እንዳይተወው ለብቻው አስተካከልኩ። የዐስር ሶላት ሰግጄ ስመለስ አልቆ አገኘሁት። ከድርም መጥቶ አብረን አየነው።

ኦቦ ሙክታር ገቡ። ሐጂ አማን መቀመጫቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አገጫቸው ግን ደረታቸው ላይ ወድቋል። ተኝተዋል። ከንጋት ጀምሮ እንግዳ ሲቀበሉ የዋሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ድንኳኑም ሞቅ ያለ ነበር። ኦቦ ሙክታር ጎንበስ ብለው "አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ" አሉ። ጠበቁ። ከዚያ የሐጂን እጅ ከጉልበታቸው ላይ ቀስ አድርገው አነሡ፣ ሳሙት፣ ወደ ነበረበት መለሱት። ከትከሻቸው የወረደውን ጋቢ መልሰው አለበሷቸው። ከኋላ የሚመጡት ሰዎች ሲስቁ ዞር ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሁሉም በእግራቸው ጣት እየረገጡ አለፉ።

ከድር በሳቅ ፈረሰ። "ይህን ኢንተርኔት ላይ ብንለቀው!"

"አላህን ፍራ። የሰው አባት ናቸው።"

"ታዲያ አንቺስ አገር ተሰብስቦ ልታሳዪያቸው አይደለም?"

ሳላሳይ ብቀር ሐሊማ ትዳሯን ታጣለች። ባሳይ ሐጂ ከእንግዲህ ዲንሾ ገበያ መሃል ቀና ብለው አይሄዱም። ኦቦ ሙክታር ይህን ሁሉ ቀን ዝም ያሉትም ለዚህ ነው። አንድ ቃል፣ "ተኝተው ነበር" ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር። አላሉም።

ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሐጂ በር ላይ አገኙኝ።

"ምነው ማለዳ? ቀጠሮው ከጁምዓ በኋላ ነው።"

"ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ቴሌቪዥኑ ይህን ፋይል ማንበቡን ልይ ብዬ ነው፣ ሐጂ። ቴሌቪዥኑ የእርስዎ ነውና አብረው ይዩልኝ።"

በሩን መለስ አድርጌ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ፊታቸውን ማየት አልፈለግኩም። ከፈትኩት።

"አየሽ፣ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት" አሉ።

"አዎ፣ ሐጂ።"

ወዲያው ማንኮራፋት ተሰማ። ድምፁን ደህና አድርጌ ሠርቼው ስለነበር ጥርት ብሎ ይሰማል። ሐጂ ወደ በሩ ዞሩ፤ ሌላ ሰው የገባ መስሏቸው ነው። በሩ ላይ ማንም የለም። ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። ኦቦ ሙክታር እጃቸውን እየሳሙ ነበር።

እስከ መጨረሻው አዩት።

"መልሺው" አሉ።

መለስኩት።

"ድምፁን ቀንሺው።"

ቀነስኩት። ጣት ከንፈር ላይ የሚደረግበት ቦታ ሲደርስ አንገታቸውን ወደ ፊት አስረዘሙ።

"ይህን አውቆ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያለው?"

"እኔ አላውቅም፣ ሐጂ። እኔ ፋይሉን ነው የቀየርኩት።"

ተነሡ። ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ በገዛ እጃቸው ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ቴሌቪዥኑንም ጨርቁን መልሰው አለበሱት።

"ፍላሹ የሱቁ ነው" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ነበር" አሉ።

ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ኦቦ ሙክታርም ከኋላ ገብተው በር ሥር ቆሙ። የዛሬው ሰው ከባለፈው ይበዛል። ቪዲዮ ሊታይ ነው መባሉን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

"ጨርቁ ይነሣ እንጂ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"እኔ አይቻለሁ" አሉ ሐጂ።

"እኛስ?"

"እናንተ እኔን እዩ።"

ሐጂ በሰዉ መሃል አልፈው በር ሥር ሄዱ። የኦቦ ሙክታርን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ" አሉ።

"ማን ሰላም አላቸው?" አለ አንዱ ሽማግሌ ወደ ጎን። "ሙክታር እኮ ገና አፉን አልከፈተም።"

"ብሎኝ ነበር" አሉ ሐጂ። "መልሱ ነው የዘገየው። ጥፋቱ የጆሮዬ ነው።"

ኦቦ ሙክታር ጎንበስ ብለው የሐጂን እጅ መልሰው ሳሙ። "አንድ ወገን ነን፣ ሐጂ። አይዘገይም" አሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ለመጠየቅ አፋቸውን ከፈቱ፣ የሐጂን ፊት አዩ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም አሚን አልን።

ሐሊማ ሻንጣዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ዱዓው ሳያልቅ መቼ እንዳሰናዳችው አላውቅም። ውጭ የሞተር ድምፅ መጣ። ሰሞኑን ሁሉ ሲያልፍ የነበረው ሞተር በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ያ ስለ አጎራረሱ የተከራከረው ሽማግሌ ብቻ ቅር ብሎት ነበር። "እኛ እኮ ፊልም ልናይ ነው የመጣነው" አለ። የከድርን ፊልም በሌላ ፍላሽ ይዤ ስለነበር ከፈትኩላቸው። ልቡ ሲመጣ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህ ልብ ማለፊያ ነው። የሠራውን ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ምንም እንዳይነካ ንገሪው።"

ለከድር ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ልቡን በሁለት አበዛው።

ሮቤ ስመለስ ጋሽ ታደሰ "ሠራ?" አለኝ።

"ሠራ።"

"ፍላሹስ?"

"ቀረ።"

ምንም አልጠየቀኝም። እሱን ለእንጀራዬ የላከልኝን ጌታ ያን ቀን አብዝቼ አመሰገንኩ። የድንኳኑን ፋይል ከኮምፒውተሩ ደመሰስኩት።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ቪዲዮ በሰው ፊት ከመከፈቱ በፊት፣ በሚታይበት ቴሌቪዥን ላይ፣ ምስሉ ያለበት ሰው ቀድሞ ብቻውን ይየው። ፍላሽም ሁለት ያዙ።